ጊታሩን የመታው ማን ነው?

«ሮሊንግ ስቶን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 «የምንጊዜም 100 ታላላቅ ጊታሪስቶች» የሚል ዝርዝር አወጣ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። በዚህ ላይ ብዙም የተጣላ የለም። ጠቡ የጀመረው ከሱ በታች ነው። የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች በጊታሩ አንገት ላይ እያስጨፈረ የአንድ ትውልድ አጨዋወት የቀየረው ኤዲ ቫን ሄለን 70ኛ ተባለ። የሮክ አፍቃሪው «ምን ነካቸው?» አለ። በ2011 መጽሔቱ ሌሎች ዳኞች ሰብስቦ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ሲያወጣ ያው ሰውዬ 8ኛ ሆነ። በ2023 ዝርዝሩ ወደ 250 ሰው ሲሰፋ ደግሞ 4ኛ።

በተቃራኒው የሄደም አለ። ከብሉዝ አባቶች አንዱ የሚባለው ሮበርት ጆንሰን በ2003 5ኛ ነበር፤ በ2011 71ኛ ሆነ። ጆንሰን የሞተው በ1938 ነው። ሙት ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ 66 ደረጃ እንዴት ይወርዳል? ልምምድ አቁሞ ነው እንዳይባል መቃብር ውስጥ ነው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዝርዝሮች ውስጥ ስሟ አልነበረም፤ በ2023 6ኛ ሆና ብቅ አለች። ያኔ ከሞተች 50 ዓመት ሆኗት ነበር።

«እንግዲህ ዝርዝሩ የሚለካው ጊታሪስቱን ሳይሆን ዳኛውን ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሦስቱም መውጣትና መውረድ የቻሉት ስማቸው ሸክላው ላይ ስለተጻፈ ነው። ሮበርት ጆንሰን በሕይወቱ የቀዳው 29 ዘፈን ብቻ ነው፤ በ1936 እና በ1937፣ ቴክሳስ ውስጥ። 29 ዘፈን፣ ከነስሙ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ያጨቃጭቃል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን አይወጣም፣ አይወርድም። 250ኛም መሆን አይችልም።

ወደ እኛ አገር ስመጣ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የኛ ክርክር

እኔ የደጎሎ ልጅ ነኝ። ደጎሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በደቡብ ወሎ፣ በምዕራቡ ደጋ በኩል። ክረምት ላይ መረሬው ጫማህን ይዞ የሚያስቀር፣ ጥር ላይ ደግሞ በሠርግ የሚያብድ አገር ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ ያለው ሰው ስንዴና ጤፍ ያመርታል፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ይከራከራል። እኛም እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ልጅ ደረጃ እያወጣን ነው ያደግነው። ጥላሁን ወይስ ማህሙድ? አስቴር ወይስ ማሪቱ? ይሄ ሁለተኛው ወሎ ውስጥ ከተነሳ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አያልቅም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ የምናወዳድረው ሁሌም ዘፋኝ ነው። ጥላሁን ገሠሠ የሙዚቃ ንጉሥ ነው፤ በ2009 ሲያርፍ መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎለታል። ይገባዋልም። አንድ ጊዜ ግን ከጓደኞቼ ጋር ጀበና ዙሪያ ተቀምጠን «እሺ፣ ዘፋኝ ተዉና ከኢትዮጵያ ጊታሪስት አንደኛ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም። ከዚያ አንዱ «ሮሃ ባንድ» አለ። «ባንድ አይደለም፣ ሰው ነው ያልኩት።» እንደገና ዝም። ስለ ሄንድሪክስና ስለ ስላሽ ግን ሁሉም የሚለው ነበረው። እነዚህ ልጆች የማህሙድን «እሬ መላ መላ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፋቸው የሚጫወቱ ናቸው፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጊታሩንም ጭምር፣ «ጨካ ጨካ» እያሉ። ድምፁን ያውቁታል። ባለቤቱን ነው የማያውቁት።

ጊታር ወደ ፊት ሲመጣ

ይህ እንዴት ሆነ? ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃችን የተወለደው በትንፋሽ መሣሪያ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ የነሐስ ባንድ ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በ1955 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። እነዚህ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ፊት የሚቀመጠው ሳክስፎንና ትራምፔት ነው። ጊታር ካለም ከኋላ ሆኖ ምት ይጠብቃል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ተገለባበጠ። የአሜሪካ ሶልና ሮክ በሸክላም በሬዲዮም ገባ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ለብዙ ወጣት ሙዚቀኛ ትምህርት ቤት ሆነ። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ከፍቶ የወጣቶቹን ዘፈን በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ደግሞ 30 ሰው ያለበት ኦርኬስትራ መክፈል አይችሉም፤ ስድስት ሰባት ሰው ይበቃቸዋል። ትንሽ ባንድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር መደበቂያ የለውም። የግድ ወደ ፊት መጣ።

በዚህ ጊዜ የተቀዱትን የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ስሙ። «የከርሞ ሰው» ላይ የጊታሩ ድምፅ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይሻክራል፤ የሮክ ድምፅ ነው፣ የሚያወራው ግን በእኛ ቅኝት ነው። ያ ዜማ በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለምን ዞረ። ሙላቱን ዓለም አወቀው፤ ደግ አደረገ። በነዚያ ዓመታት የሙላቱ ቅጂዎች ላይ ጊታር ይመታ የነበረው ግን አንድሪው ዊልሰን ይባላል። ስሙን አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችሁ ከሆነ እናንተ አይደላችሁም ጥፋተኞቹ።

አንድ እንስሳ፣ ሁለት ባንድ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ። ማታ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው አደጋ አለበት። ስለዚህ ሆቴል የገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። በግርግር ውስጥ የተወለደው ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ የመጫወት ዕድል ያገኘው እንዲህ ነው። በአንድ ሌሊት ስንት ሰዓት ጊታር እንደሚመታ አስቡት። ዛሬ «እንዴት እንደዚያ ተዋሃዱ?» ብለን የምንደነቅበት ነገር መልሱ በከፊል እዚያ ሌሊት ውስጥ ነው ያለው።

የዚያ ዘመን አፍቃሪዎች ክርክር ሲነሳ ሁለት ስሞች ይጋጠማሉ። ባንድ በኩል ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ። በሌላ በኩል ራስ ሆቴል የነበረው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው። ነገሩን የሚያስቀው ዋሊያም አይቤክስም አንድ እንስሳ መሆኑ ነው፤ አንደኛው በአማርኛ፣ ሌላኛው በፈረንጅኛ። ሮሃ ደግሞ የላሊበላ የጥንት ስም ነው፤ ስለዚህ እኛ ወሎዬዎች ሳንጠየቅ ወደዚያኛው ወገን እናዘነብላለን።

የዋሊያስ ደጋፊ የሚያቀርበው ማስረጃ በ1977 የወጣው «ጬ በለው» ነው። ዘፋኝ ፊት ያልቆመበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ጊታሩን ማህሙድ አማን። በዚያ ሥራ ላይ ጊታሩ አይፎክርም። አጭር ሐረግ ይወረውራል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ልክ ቡና ላይ ብዙ እንደማይናገር ግን አንድ ቃል ጣል ሲያደርግ ሁሉ ሰው እንደሚስቅለት ሽማግሌ።

የአይቤክስና የሮሃ ደጋፊ የሚያነሳው ደግሞ በ1975 የተቀዳውን «እሬ መላ መላ»ን ነው። ጊታሩ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነው፤ «ሰላሚኖ» ይሉታል። ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሮሃ ባንድ ያላጀበው ዘፋኝ መፈለግ ይቀላል፤ በመቶ የሚቆጠር ካሴት ነው። እናትና አባታችን የተዋደዱበት ዘፈን ውስጥ፣ ሰላም ሥዩም ሳይኖርበት አይቀርም። የሚገርመው ደግሞ ሰላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና፣ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥና እድገት ጥናት የጻፈ ሰው መሆኑ ነው። የታሪክ ተማሪው ራሱ ታሪክ ውስጥ በስሙ ሳይሆን በባንዱ ስም ገባ።

ሌሎችም አሉ፤ ተክሌ አድሐኖምን የሚያስቀድም አለ፣ የዳህላክ ባንድን የሚያነሳ አለ። ሁሉም መልካም ነው። ብቻ ይህን ክርክር የሚያካሂዱት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ስሞቹ ተራግፈው ያለቁት ለምንድን ነው?

ካሴቱ ላይ የጠፋው

የካሴት ልባስ አስታውሱ። ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ፤ አበባ አጠገብ ቆሞ ወይም አገጩን በእጁ ይዞ። ከላይ ስሙ በትልቁ። ከጀርባ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ ሲታደል የግጥምና የዜማ ደራሲው። ስለ አጃቢው ባብዛኛው ያለው አንድ መስመር ነው፦ «አጃቢ፦ እንዲህ ያለ ባንድ»። ስድስት ሰባት ሰው በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ይቀራል። ካሴቱ ክፍለ ሀገር ሲደርስ ደግሞ በቅጂ ነው፤ ቅጂው ላይ ያ አንድ መስመርም የለም። ደጎሎ የደረሰልን ባዶ ካሴት ላይ በብዕር «ማህሙድ 2» ተብሎ የተጻፈ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የድሮዎቹን ሸክላዎች እንደገና ሲያወጣ ከሠራቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ከሲዲው ጋር በሚወጣው ጽሑፍ ላይ የተጫዋቾቹን ስም ማስፈሩ ነው። ስለ ፋልሴቶ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል። ይሄን ግን ማንም አይነፍገውም፦ ዛሬ ስለ አንድሪው ዊልሰን ማውራት ከቻልን በከፊል በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

ስም ልባስ ላይ መኖሩ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ የበለጠ ማስረጃ የለም። ዋሊያስ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነበር። በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ልባሱ ላይ የራሱ ፎቶና የራሱ ስም ነበረ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ኃይሉ የዋሽንግተን ታክሲ ሹፌር ሆነ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አማራ ክልል መጥቶ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ስሙን አነበበ፣ ሰውዬውን ፈለገ፣ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ከታክሲው ወርዶ በዓለም መድረኮች መዞር ጀመረ፤ በ2018 አዲስ አልበምም አወጣ።

አሁን ይሄን አስቡት። ካሴቱ ላይ የነበረው የሰው ስም ባይሆንና «አጃቢ፦ እንዲህ ያለ ባንድ» ቢሆን ኖሮ ሺምኮቪትዝ ለማን ይደውል ነበር?

ሳክስፎኑን ብናይም ያው ነው። ጌታቸው መኩሪያ የሽለላን ድምፅ በሳክስፎን አስጮኸው፤ በራሱ ስም አልበም አወጣ፤ ዛሬ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ሲባል የሚከራከር የለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖውን በስማቸው ነው ያሳተሙት። ሙላቱም እንደዚያው። ጊታር ግን ንጉሥ የለውም። ጣት ጠፍቶ አይደለም። ጊታሪስቶቻችን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያነገሡ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ባቲና ብሉዝ

እዚህ ላይ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ላስገባ፤ አጭር ነው።

አራት ዋና ቅኝቶች አሉን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ነች፤ አምባሰል ደግሞ የእኛው የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ባቲ አንዱ ዓይነቱ (ንዑሱ) በሙዚቃ ትምህርት ቤት አጻጻፍ ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል ነው፤ ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። አሁን የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚማረውን አምስት ድምፅ ውሰዱ። ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል። አንድ ናቸው። የቢ ቢ ኪንግና የሄንድሪክስ ሶሎዎች አብዛኛው መሠረታቸው እነዚህ ድምፆች ናቸው። የድምፁ አቀማመጥ፣ ጌጡ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ ይለያያል፤ ቁሱ ግን አንድ ነው። የደጎሎ ልጅ ሄንድሪክስን ሲሰማ የባዕድ ነገር የሰማ የማይመስለው ለዚህ ነው። ጆሮው ቀድሞ ባቲ ደርሶ ተመልሷል።

አምባሰልን ግን ብሉዝ ውስጥ አታገኙትም። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ አንጀት ይበላል። ለማሲንቆና ለድምፅ የተሠራ ይመስላል፤ ጣት ገመዱ ላይ ተንሸራትቶ ሁለቱን ድምፆች ያገናኛቸዋል። ጊታር አንገት ላይ ግን ብረት ተደርድሯል፤ ድምፆቹ በአጥር ተለያይተዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጊታሪስት አምባሰልን ሲጫወት ገመዱን እየገፋና እየሳበ፣ የሌለውን መንሸራተት መፍጠር አለበት። በዚያ ላይ ከሥር ችክችካው አለ፣ ስድስት ስምንተኛው ምታችን። ክራር ደርዳሪ በአምስት ስድስት ክር የሚሠራውን ጊታሪስቱ ወደ ጊታር መተርጎም ነበረበት፤ ለዚህ ትርጉም የተጻፈ መምሪያ አልነበረም። እነ ሰላም ሥዩም፣ እነ ማህሙድ አማን ሌሊት ሌሊት መድረክ ላይ ነው የጻፉት።

ለዚህ ነው የሮሊንግ ስቶን መስፈርት እዚህ ሲመጣ የሚሰበረው። እዚያ የሚቆጠረው በዋናነት ሶሎ ነው፤ ብርሃኑ ሁሉ አንድ ሰው ላይ የሚበራበት ቅጽበት። የኛ ጊታር ታላቅነት ግን ባብዛኛው ያለው ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ነው፤ ምን ያህል ቦታ ለቀቀለት፣ ትንፋሽ ሲወስድ ምን ብሎ መለሰለት። በሶሎ ፍጥነት ከለካን ተሸንፈን እንገባለን። በማጀብ ከለካን ግን ዝርዝሩ ሌላ ይሆናል።

የከላላው ሰውዬ

ደረጃ ማውጣት የፈረንጅ አመል ነው የሚል አለ። «ሙዚቃ ሩጫ ነው እንዴ?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ቤታችን ውስጥ ነው።

እኛ ቤት አንድ የሠርግ ካሴት አለ። በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ የተቀዳ፤ ከጀርባው የሙሽሮቹ ስም በብዕር ተጽፏል። ግማሹ እልልታና የሰው ድምፅ ነው። ከመሀል ግን አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ አምባሰል ይጀምራል። «ተቀበል!» ይሉታል፤ ይቀበላል። ብር ግንባሩ ላይ ሲለጥፉለት የሰዉ ጩኸት ማሲንቆውን ይውጠዋል፤ ከዚያ ድምፁ ከጩኸቱ ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

ይህ ካሴት ሲከፈት እናቴና ታላቅ ወንድሟ ይጣላሉ። አጎቴ «እንዲህ ያለ ማሲንቆ ከዚህ እስከ ወረኢሉ አልተሰማም፤ አንደኛ ነው» ይላል። እናቴ «ተው እንጂ ወንድምዓለም፣ የመካነ ሰላሙን ረሳኸው? እሱ አይደል እንዴ ሰው ያስለቀሰ» ትላለች። አጎቴ «አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ይላል። የጣት ብርታት ይነሳል፣ የግጥም ፍጥነት ይነሳል፣ ማን ማንን በየትኛው ሠርግ እንደረታ ይነሳል። ዳኞች፣ መስፈርት፣ ማስረጃ፣ ቂም፣ ሁሉም የተሟላ ነው። ሮሊንግ ስቶን ከዚህ የሚጨምረው ወረቀቱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ግን «ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ አሰበ። «የከላላው ሰውዬ ነው የምንለው» አለ። የእናቴስ? «ያ የመካነ ሰላሙ።» ደረጃውን ያውቁታል፤ ስሙን አያውቁትም። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም ነው፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ሙሽሮቹ አንድም ድምፅ አላሰሙም።

ይሄ የጊታሪስቶቹ ታሪክ በትንሹ ነው። እነ ሰላሚኖ ከከላላው ሰውዬ የሚለዩት ቢያንስ የሚጠይቅላቸው ሰው ስላገኙ ነው። አምባሰልና ባቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የቃኘው እጅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የቦታውን ስም ብቻ ትቶልን ሄዷል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ሀገር ያለቅሳል፤ ከኋላዋ ማሲንቆውን የመታው ማን እንደሆነ ጠይቁና ስንት ሰው እንደሚመልስላችሁ ቁጠሩ።

ስለዚህ የደረጃ ክርክር ባዶ ጉራ አይመስለኝም። ሰው ስለ ሁለት ስሞች ሲጣላ ሁለቱንም ስሞች ለሚቀጥለው ሰው እያቀበለ ነው። ቫን ሄለን 70ኛ መባሉ ያናደዳቸው ሰዎች ንዴታቸውን ለልጆቻቸው አወረሱ፤ ልጆቹም ቫን ሄለንን ሰሙ። ታርፕ የተረሳችው ክርክሩ ውስጥ ስላልነበረች ነው፤ የተመለሰችውም ስሟን ይዘው የተከራከሩላት ስለነበሩ ነው። የኛ ጊታሪስቶች የጎደላቸው ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ጠብ ነው የጎደላቸው። ማንም ተጣልቶላቸው አያውቅም።

እንግዲህ እንጣላ

እኔን ከጠየቃችሁኝ አንደኛ ሰላም ሥዩም ነው። ምክንያቴ ፍጥነት አይደለም። ያን ሁሉ ዘፋኝ አጅቦ አንዱንም አለመሸፈኑ ነው፤ ማህሙድ ጋ ሲሆን ሌላ፣ ሌላው ጋ ሲሆን ሌላ፣ ግን ሁለት ድምፅ እንደሰማችሁ እሱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ማህሙድ አማን፤ በ«ጬ በለው» ላይ ዝም ማለት የሚችል ጊታር ስላሳየን። ሦስተኛ አንድሪው ዊልሰን፤ ሮክን ወደ ቅኝት ሲያስገባ ማንንም ፈቃድ ስላልጠየቀ። ከዚህ በኋላ ካሉት ውስጥ ግሩም መዝሙርን አስቀምጣለሁ፤ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አንጋፋውን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን ይዞ የድሮውን ዜማ ለኛ ዕድሜ ሰው መልሶ ስላሰማን። በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጣው ጃኖ ባንድ ውስጥ ያለውን ከባድ ጊታር የሚወድ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ሲያነብ ይደውልልኛል። ይደውል።

ትክክል አይደለም የምትሉ ካላችሁ ስም ይዛችሁ ኑ። ባንድ ሳይሆን የሰው ስም፤ የትኛው ዘፈን ላይ፣ የትኛው ደቂቃ ላይ። አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከነሱ ውስጥ ራስ ሆቴል ወይም ሒልተን ያደረ አይጠፋም። ከተጫዋቾቹ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ቢጠየቁ የሚናገሩ አሉ።

ከተማ የሌላችሁ፣ እንደ እኔ የገጠር ወረዳ ልጆች የሆናችሁ ደግሞ ጥር ሲመጣ ሠርግ ትሄዳላችሁ፤ ስልካችሁን አውጥታችሁም ትቀርጻላችሁ። ሙሽሮቹን ቅረጹ፣ ደግ ነው። ከዚያ አዝማሪው ውኃ ሊጠጣ ቁጭ ሲል ጠጋ ብላችሁ ስሙን ከነአባቱ ጠይቁትና ከቪዲዮው ሥር ጻፉት።